የሙሽራዋ በጎች እና የበዛብህ አይጦች

በድሬዳዋ ከተማ አይጥ እየቀለበ ከመንግሥት ደመወዝ የሚቀበል ሰው በዛብህ ብቻ ነበር። ሌላው ነዋሪ አይጥ የሚቀልበው በነጻ ነው፤ ያውም ሳይወድ በግዱ።

ሥራው በሳቢያን በኩል ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በጅቡቲ በኩል ሊጫን የመጣ በግ ድንገት ክልትው ሲል፣ ወይም የሐርላ ባላገር ማታ ደህና ያሳደረውን መንጋ ጠዋት ወድቆ ሲያገኘው፣ ምን እንደገደለው የሚጠየቁት እዚያ ነው። በበግ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አንዳንድ ጊዜ ከልክ በላይ ይባዙና መርዝ ያመነጫሉ። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። በዚያን ጊዜ ደግሞ እሱን ለይቶ የሚናገር፣ ከነጭ አይጥ የተሻለ መሣሪያ ድሬዳዋ አልደረሰም ነበር። ስለዚህ አይጦቹን የሚያራባ፣ የሚቀልብ፣ ጊዜው ሲደርስም ጭራቸው ላይ በቀጭን መርፌ የሚወጋ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው በዛብህ ነው።

ሥራውን ይወደው ነበር፤ መውደድ ብቻም አይደል፣ ይኮራበት ነበር። የድሬን ሙቀት ሰው የሚችለው እየተነጫነጨ ነው፤ ነጭ አይጥ ግን ሳይነጫነጭ ይሞታል። በዛብህ ለዚህ ብሎ በመስኮቶቹ ላይ ጆንያ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲረጭበት ይውላል። ያነጋግራቸዋል፣ ይቆጣቸዋል፣ ስም ግን አያወጣላቸውም። ስም ያወጡለትን መውጋት ይከብዳላ! የምድር ባቡር ፍሬን ያዥ የነበሩት አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጃቸው ምን እንደሚሠራ ሲጠየቁ «የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ብለው ወሬውን ወደ ሌላ ይመልሱት ነበር።

አንድ ጊዜ ቀበሌው «የሰፊውን ሕዝብ እህል የሚጨርሱ አይጦችን እንደምስስ!» ብሎ ዘመቻ አወጀና፣ ዱላ የያዙ ዘማቾች እየዘመሩ ላቦራቶሪው በር ላይ ደረሱ። በዛብህ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ወጣና «ጓዶች፣ እነዚህኞቹ የመንግሥት አይጦች ናቸው» አላቸው። ዘማቾቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያ ዘመን የመንግሥት የተባለን ነገር በዱላ ለመንካት የሚደፍር ስላልነበረ፣ ይቅርታ ጠይቀው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በዛብህ በከተማው «የመንግሥት አይጥ» ተብሎ ተጠራ፤ እሱም አልከፋውም።

የከፋው ሌላ ነገር ነው። ጓደኞቹ ሁሉ አግብተው ወልደው እሱ ብቻውን ቀረ። ልጃገረዶቹ ስለ ሥራው እስኪሰሙ ድረስ ይስቁለታል፤ ከሰሙ በኋላ ይስቁበታል። ይሄ ሁሉ ሸዋገነት እስክትመጣ ነው። ሸዋገነት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ በፋብሪካው ሰርቪስ መኪና ላይ ተዋወቁና አንድ ቀን «እስቲ እነዚህን ጉደኞች አሳየኝ» ብላ ላቦራቶሪው ድረስ መጣች። ሣጥኑን ከፈተች፣ አንዱን አይጥ ከጭራው ሥር ለቀም አድርጋ አነሣችና በሌላ እጇ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ማንም አላስተማራትም። ሌላ ሰው ዓይን አይቶ፣ ጥርስ አይቶ ይወዳል፤ በዛብህ አያያዟን አይቶ ወደደ። እዚያው ቆሞ «ይቺን ካላገባሁ ሌላ አላገባም» አለ በልቡ።

ሸዋገነት ሁለት እናቶች ነበሯት። የወለደቻት እናት ገና በአራስነቷ ስለሞተች፣ ያሳደጓት አክስቷ እማማ በለጠች ናቸው። እማማ በለጠች ከሸዋ የመጡ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ኩሩ ሴት ናቸው። ጡት ያጠባቻት ግን ሃዎ ናት። ሃዎ ከእማማ በለጠች ጋር አንድ የጭቃ አጥር የምትካፈል ሶማሌ ጎረቤት ናት፤ ቀፊራ ገበያ የግመል ወተት ትሸጣለች። ያኔ እሷም አራስ ነበረችና ሕፃኗን ከአጥሩ በላይ ተቀብላ በአንድ ጡት የራሷን ልጅ፣ በሌላው ሸዋገነትን አሳደገች። ሸዋገነትም አክስቷን «እትዬ»፣ ሃዎን ደግሞ በሶማሊኛ «ሆዮ» ብላ፣ ማለትም እናቴ ብላ፣ ትጠራለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእነዚህ ሁለት ሴቶች የተነገረ ይመስላል። ድሬ ውስጥ ትልቅም ትንሽም «አንተ» እና «አንቺ» ነው፤ እማማ በለጠች ግን ከሸዋ ይዘውት የመጡትን «አንቱ» መባል ለማንም አይተዉም። ለሃዎ ብቻ ትተውላታል።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እማማ በለጠች በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አምስት በግ ገዙ። ራሳቸው ጥቁር፣ ገላቸው ነጭ፣ ላታቸው የሰፋ፣ የሱማሌ በጎች ናቸው። በዚያ በደቻቱ ወንዝ ዳር ባለ ሰፈር ደግሞ የሙሽራ በግ የሁሉም በግ ነው። በአጠገቡ የሚያልፍ ባዶ እጁን አያልፍም፤ የሽንኩርት ልጣጭም ቢሆን፣ የዳቦ ቅርፊትም ቢሆን ጣል አድርጎ «ይስባላችሁ» ብሎ ይሄዳል። እማማ በለጠች ግን የዚያን ዓመት ዓይን ፈሩ። አንዲት ልጅ ናት ያለቻቸው። እናም ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው «ከእኔ በቀር ማንም እንዳያበላቸው። ማንም እንዳያያቸው። ያየም ቢሆን እንዳያደንቅ» ብለው አስጠነቀቁ። ጎረቤቱም «እሺ» አለ።

ፋሲካ አለፈ፤ በጎቹም እንደ ከበሮ ተነፉ። ሠርጉ ሲቃረብ ከሁሉ የሰባው አውራ በግ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። እማማ በለጠች «ዓይን ነው» ብለው አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ተከተለ። ያኔ ማልቀሳቸውን ትተው ማሰብ ጀመሩ፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሲያስብ ደግሞ የሚያስበው ስለ ጎረቤቱ ነው። አንድ ምሽት ከአጥሩ በላይ የሃዎ እጅ ብቅ ብሎ ለበጎቹ የሆነ ነገር ሲበትን ማየታቸው ትዝ አላቸው።

ሄደው ጠየቋት። «በጎቼን ምን አበላሽብኝ?»

«እኔ? ምን አረግኩ አቦ!» አለች ሃዎ።

«እንግዲያው ማይ።»

በሆነው ባልሆነው ወላሂ ስትል የምትውል ሴት ያን ጊዜ ምላሷ ታሰረ። እማማ በለጠች ፊታቸው ተለዋወጠና «ቀበሌ እሄዳለሁ!» ብለው ወጡ። በዚያ ዘመን ደግሞ ቀበሌ ቀልድ አልነበረም፤ ወሬ ሆኖ የገባ ነገር አሻጥር ሆኖ ይወጣል። ሸዋገነት ደጃፍ ላይ ቆማ መንገዱን ዘጋችባቸው።

«እትዬ፣ ሆዮ የሌለችበት ሠርግ እኔ የለሁበትም» አለች።

«እሷ ካለች እኔ የለሁበትም!» አሉ እማማ በለጠች።

«እንግዲያው ሠርጉ ቀረ» አለች ሸዋገነት፤ የምትናገረውን የማታደርግ ልጅ ደግሞ አይደለችም።

ወሬው በዛብህ ጆሮ ደረሰ። በስንት መከራ የተገኘች ሙሽራ፣ እንዲህ በበግ ምክንያት ልትቀር! በማግሥቱ ጠዋት በማለዳ ተነሥቶ አክስቲቱን ሊለምን ሄደ። አማች ቤት ባዶ እጅ ስለማይኬድ፣ እንደ ልማዱ ገብስ በጨርቅ ቋጥሯል። ገና ከግቢው ሲገባ ሦስተኛው በግ እንደ ሰከረ ሲንገዳገድ አየ። በጉ አንገቱን ወደ ኋላ ቆለመመ፣ እግሩን አወራጨ፣ እሱ እያየውም ሞተ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያዝን ነበር። በዛብህ ግን ልቡ በደስታ ዘለለ፤ ባያሳፍረው ያጨበጭብ ነበር። ያለፉት ሁለቱ ሌሊት ሞተው ስለተገኙ ለምርመራ አይሆኑም፤ በድሬ ሙቀት አንጀት ቶሎ ይበላሻል፣ መርዙም ይጠፋል። ይሄኛው ግን ገና ትኩስ ነው። ቢላዋ አምጡ ብሎ እዚያው ግቢው ውስጥ ከፈተው። ኩላሊቱ ለስልሶ ጣት ሲነካው ይፈርሳል። ይሄ እሱ የሚያውቀው በሽታ ምልክት ነው። ቀጥሎ ጨጓራውን ሰነጠቀ፤ የዚህን ጊዜ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

ጨጓራው ውስጥ የሠርግ ድግስ ነበር። የድፎ ዳቦ ፍርፋሪ አለ፣ ሩዝ አለ፣ የጠላ አተላ አለ፣ ገብስ አለ። ከሁሉም በላይ በግልጽ የሚታይ፣ ገና በወጉ ያልታኘከ ማካሮኒ አለ።

«ማካሮኒ!» ብለው ጮኹ እማማ በለጠች። «በዚህ ሰፈር በየምሽቱ ማካሮኒ የሚቀቅል ማነው?»

መልሱን ሁሉም ያውቃል። ሃዎ ከአጥሩ ማዶ ሆና እጇን አፏ ላይ ጫነች። በዛብህ ግን ያየው ማካሮኒውን ብቻ አልነበረም። ገብሱንም አይቷል፤ ገብሱን ያውቀዋል። የዛሬው ቋጠሮ ገና ሳይፈታ አጠገቡ ተቀምጧል።

«እማማ» አለ፣ «ማካሮኒ መርዝ አይደለም።»

«መርዝ ካለበትስ?»

«እሱን የሚነግሩን አሉ።»

ከትንሹ አንጀት ጥቂቱን በሁለት በኩል በክር አስሮ ቆረጠ። በረዶ ከአጠገቡ ካለ ቡና ቤት መጣ፤ መያዣ ግን ጠፋ። ሸዋገነት ወደ ቤት ገባችና ለጎጆ መውጫዋ የገዛችውን፣ ጽጌረዳ የተሳለበትን አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ይዛ ወጣች። አክስቷ «አንቺ ልጅ! በእሱ ሻይ ልትጠጪበት አይደል!» እያሉ ሲጮኹ፣ እሷ የበጉን አንጀት ከነበረዶው ከትታ ክዳኑን ጠመዘዘችውና ለእጮኛዋ ሰጠችው። በዛብህ ዓይን ዓይኗን አያት። እንዲህ ያለ ስጦታ ለማን ተሰጥቶ ያውቃል?

ጋሪ ተጠራ። እማማ በለጠች «እኔ በሌለሁበት አይመረመርም» ብለው ከፊት ተቀመጡ። ሃዎ «እኔም ሰው ነኝ፣ ለምን እቀራለሁ?» ብላ ከኋላ ተሳፈረች። ሸዋገነት ፈረቃዋ ስለደረሰ ወደ ፋብሪካ ሄደች። በዛብህ ፔርሙዙን አቅፎ በሁለቱ ሴቶች መካከል እስከ ሳቢያን ተጓዘ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ሣህሉ ቀልድ የሚወዱ፣ ሥራ ላይ ግን የማይቀልዱ ሰው ናቸው። ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው እናቴ፤ እናየዋለን» አሏቸው ለእማማ በለጠች። ወደ በዛብህ ዞረው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የመርዙ ማርከሻ የቀረን አንድ ብልቃጥ ነው። ከውጭ የታዘዘው መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ከተሳሳትን ሁለተኛ ዕድል የለም።»

ከአንጀቱ የወጣውን ፈሳሽ በማሽን አሽከርክረው አጠሩት፤ ዶክተሩ ቀመሙ፣ በዛብህ ወጋ። ከዚያ ሦስቱን የአይጥ ሣጥኖች በረንዳው ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ለሁለቱ ሴቶች አስረዳቸው።

«እዚህ የመጀመሪያው ሣጥን ውስጥ ያሉት የበጉን አንጀት ፈሳሽ ብቻ ነው የተወጉት። ሁለተኛው ሣጥን ያሉት ያንኑ ፈሳሽ ከማርከሻ ጋር ነው። ሦስተኛዎቹ ምንም የሌለበት የጨው ውሃ ነው የተወጉት። ማርከሻው የሚያረክሰው በበጉ አንጀት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የሚሠራውን መርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሞተው ሁለተኛዎቹ ከዳኑ፣ በጎቹን የገደላቸው በሽታ ነው፣ ሰው የለበትም። ሰው የጨመረው መርዝ ከሆነ ግን ማርከሻው አያድናቸውም፤ ሁለተኛዎቹም ያልቃሉ።»

«ሦስተኛዎቹስ?» አለች ሃዎ።

«እነሱ ከሞቱ ሙቀት ገደላቸው ማለት ነው። ያኔ ምርመራው ሁሉ ገደል ገባ።»

ይሄን ተናግሮ ሳይጨርስ መብራት ሄደ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የነበረው ቬንቲሌተር ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ቆመ። የሚያዝያ ፀሐይ የበረንዳውን ቆርቆሮ እያነደደችው ነው። በዛብህ ጆንያውን በውሃ ነክሮ ሰቀለ፤ አልበቃም። አይጦቹ አፋቸውን ከፍተው መተንፈስ ጀመሩ። ሠርጉም፣ ሸዋገነትም፣ የሁለቱ ሴቶች የስንት ዓመት ጉርብትናም በእነዚያ ሣጥኖች ውስጥ ሆኖ ሲጋገር ታየው። ሮጦ ሦስት ማራገቢያ አመጣ። አንዱን ለሃዎ፣ አንዱን ለእማማ በለጠች ሰጠና አንዱን እሱ ያዘ።

«እኔ ለአይጥ?» አሉ እማማ በለጠች። ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ሲሉ አንዱ አይጥ በሽቦው ላይ ተንጠላጠለ፤ እሪ ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወጡ። ሃዎ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው እንደተጣሉ ትዝ አላትና ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነችው። እማማ በለጠች በግርማ ሞገስ ከወንበሩ ወረዱ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፣ ማራገቢያውንም አንሥተው ሳያዩ ማራገብ ጀመሩ።

እንዲህ ነበር የተቀመጡት፤ ሃዎ በመጀመሪያው ሣጥን፣ እማማ በለጠች በሁለተኛው፣ በዛብህ በሦስተኛው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ሃዎም በሌላው ጥፋት እየተመታች ለአይጥ ነፋስ ትሰጣለች።

ብዙም ሳይቆይ በሃዎ ሣጥን ውስጥ ያሉት አይጦች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አንዱ ወደቀ። ሌላው ተከተለው። ሃዎ ማራገቢያዋን ይዛ ደርቃ ቀረች፤ «አለቁ!» አለች። መርዝ አለ ማለት ነው። አሁን ነገሩ ሁሉ በሁለተኛው ሣጥን ላይ ወደቀ።

እማማ በለጠች ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። የሞቱትን አዩ፣ ከዚያ የራሳቸውን ሣጥን አዩ። እነዚህ ከሞቱ እሳቸው አሸንፈዋል፤ ሃዎ ጥፋተኛ ናት፤ ቀበሌም ይኬዳል። በዛብህ በዓይኑ ጥግ እያያቸው ነበር። ማራገቢያቸው ፈጠነ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወረደ፣ አላነሡትም። ወደ ሣጥኑ ተጠጉ፤ ከደቂቃዎች በፊት ያስጮሃቸው አይጥ አሁን ከአፍንጫቸው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። «አይዞህ» ሲሉ ሰማቸው፣ በጣም በዝቅታ። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ እንዳትሞት። እመቤቴ፣ ይሄን ትንሽ ነፍስ አትውሰጂብኝ።»

በዛብህ አንገቱን ደፋ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኚህ ኩሩ ሴት ማሸነፍ አልፈለጉም። ሳያውቁት ለሃዎ ጠበቃ ሆነው ቆመው ነበር።

ሃዎም ተነሥታ መጣችና በሣጥኑ በሌላ በኩል ቆማ ታራግብ ጀመር። ሁለቱ አይተያዩም፣ አይነጋገሩም፤ ግን ማራገቢያቸው አንድ ላይ ይወጣል፣ አንድ ላይ ይወርዳል። ከአንገታቸው ላብ ይንጠባጠባል። ፀሐይዋ ዞረች፣ የበረንዳው ጥላ ረዘመ፣ መብራትም መጣ። ዶክተር ሣህሉ ወጥተው ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አዩ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሣጥን ያሉት አይጦች ፉርሽካቸውን እየቆረጠሙ ነበር።

«እስከ ነገ ጠዋት ማየታችን ደንብ ነው» አሉ ዶክተሩ። «ግን በዚህ መርዝ የሚሞት አይጥ እስካሁን በሞተ ነበር። በጎቹን የገደላቸው የራሳቸው አንጀት ነው።»

ሃዎ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እማማ በለጠች ማራገብ አላቆሙም።

«የራሳቸው አንጀት ምን አግኝቶ ነው?» አሉ ቆይተው።

«ጥጋብ ነዋ እናቴ። ይሄ ባክቴሪያ ጤነኛ በግ ውስጥም አለ። በጉ ገለባና ሣር እየበላ ቆይቶ ድንገት እህል ላይ እህል ሲጫንበት ግን ባክቴሪያው ይባዛል፣ መርዙን ይሠራል። ለዚህ ነው ከሁሉ የሰባው ቀድሞ የሚሞተው። ማነው እንዲህ አድርጎ ያበላቸው?»

ቀድማ የተናገረችው ሃዎ ናት። «እኔ» አለች። «በየማታው ማካሮኒ፣ አንዳንዴም ሩዝ። ልጄ አይደለች? ለልጄ ሠርግ ምን ላድርግ አቦ፣ አንቺ ከለከልሽኝ! ለምን አልማልሽም ትይኛለሽ፤ በውሸት መማል አልችልም። እውነቱን ስነግርሽ ደግሞ ዓይንሽን ጣልሽባቸው ትያለሽ።»

«እኔም» አሉ እማማ በለጠች፣ «ከፋሲካ ወዲህ ጠዋትና ማታ ድፎ ዳቦ እያበላሁ ነበር። የተረፈ ነበረና።»

አሁን ዶክተሩ በዛብህን ያዩት ጀመር። በዛብህ ከዚያ ቀን በፊት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ብሎ ተመኝቶ አያውቅም። «ገብስ» አለ። «በመጣሁ ቁጥር። እማማ ደስ እንዲላቸው ብዬ።»

«አንተ!» አሉ ዶክተር ሣህሉ። «ይሄን በሽታ ስትመረምር ጸጉርህ ሊሸብት ነው!»

«የሌላ ሰው በግ ሲሆን ነው የማውቀው ዶክተር» አለ በዛብህ። ዶክተሩ የዋጡትን ሳቅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቁት፤ ሃዎ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ሆዷን ይዛ ሳቀች። እማማ በለጠች ብቻ አልሳቁም።

ግቢ ሲመለሱ ኑዛዜው ቀጠለ። ጠላ የምትጠምቀው ጎረቤት አተላውን፣ ዳቦ ጋጋሪው የተረፈ ሊጡን፣ ሌላዋ የቆሎ ጥራጊዋን፣ ሁሉም እየተደበቀ ሲያበላ ከርሟል፤ ሁሉም ደግሞ የሚያበላው እሱ ብቻ መስሎት። በሰፈሩ እነዚያን በጎች ያላበላ ቢኖር ደቻቱ ብቻ ነው። የቀሩት ሁለት በጎች በዶክተር ሣህሉ ትእዛዝ፣ ሰው ከጾም በወጣበት ወቅት ጾም ገቡ። ደረቅ ሣር ብቻ ተሰጣቸው፤ ሁለቱም ተረፉ።

ሠርጉም ተመለሰ። ግን ሸዋገነት ልቧ ሙሉ አልሆነም። «እትዬ ይቅርታ አልጠየቋትም» አለችው ለበዛብህ። እውነት ነው። እማማ በለጠች ከሁለቱ በጎች የተሻለውን መርጠው፣ ለሙስሊም እንግዶች በእነሱ እጅ እንዲታረድ ገመዱን ለሃዎ ሰጥተዋታል። ብድግ ቁጭ እያሉ ድግሱንም አብረው ሠርተዋል። ይቅርታ የሚለውን ቃል ግን ከአፋቸው የሚያወጣው አልተገኘም። ሃዎም ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሆናለች፤ ሳይጠሯት አትገባም፣ ሥራዋን ስትጨርስ አትቀመጥም።

የእሑዱ ዕለት ዳሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሥጋው ቢያንስም ጎረቤቱ በጎቹን ያበላውን ያህል ለሰውም አመጣ፤ የጎደለ ነገር አልነበረም። ሚዜዎቹ በር ላይ ተከልክለው፣ ተሟግተው፣ ገብተው፣ ተጨፍሮ ሙሽራዋ የምትሸኝበት ሰዓት ደረሰ። ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው የሚመረቁበት የእናት ወንበር መሐል ላይ ተቀምጧል፤ እማማ በለጠች የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተቀምጠውበታል። በዛብህና ሸዋገነት ፊታቸው ተንበረከኩ።

እማማ በለጠች ግን አልመረቁም። ዓይናቸው ከሰው በላይ አልፎ ዳሱን ያስሳል። ድንገት እጃቸውን አነሡና ከበሮውን አስቆሙ።

«ሃዎ የታለች?»

ሃዎ ከዳሱ ኋላ፣ ከሙስሊሞቹ ድስት አጠገብ፣ እጇ ጭልፋ እንደያዘ ቆማ ነበር። እማማ በለጠች ከወንበሩ ተነሡ፤ ያን ሁሉ ሰው እየገፉ ሄደው ጭልፋውን ከእጇ ተቀበሉና ለሌላ ሰው ሰጡ። እጇን ይዘው ጎተቷት።

«ምን ሆንሽ፣ ሽንኩርት ሸትቻለሁ» አለች ሃዎ።

«ነይ እላለሁ!»

አምጥተው ከእናት ወንበሩ ላይ አስቀመጧት። ሃዎ ልትነሣ ብትል ትከሻዋን ይዘው ተጫኗት።

«አንቺ ተቀመጪ፤ ያጠባሻት አንቺ ነሽ» አሉ። «እኔ... እኔ በድዬሻለሁ። ቆሜ ነው የምመርቃት።»

ሃዎ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ሸዋገነት «ሆዮ!» ብላ ጉልበቷ ላይ ተደፋች፤ ሃዎ በሶማሊኛ፣ እማማ በለጠች ከላይ ቆመው በአማርኛ፣ አንዷ የሌላዋን ሳትጠብቅ ይመርቁ ጀመር። በዛብህ ከምርቃቱ አንድ ቃል ለይቶ አልሰማም፤ እንባውን በሱሪው ጉልበት ላይ እያንጠባጠበ፣ ጮክ ብሎ፣ ለሁለቱም «አሜን» ይላል።